ምዕራፍ 6፦ ሲነጠር የማይታወቅ ቅቤ

ቅቤ ተራ ገብታ እጇን አጣጥፋ የምትገዛ እናት አላየሁም። መጀመሪያ ታያለች። ቀጥሎ በጣቷ ጫር አድርጋ ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋለች። ሻጩ «ለጋ ነው እኮ እትዬ» ይላል፤ እሷ የምትሰማው አፍንጫዋን እንጂ እሱን አይደለም። ይህም ሆኖ አንዳንድ ቀን ትታለላለች። የሚረጋ ዘይት የተቀላቀለበት ቅቤ ተራው ላይ ደህና መስሎ ሊያልፍ ይችላል። ጉዱ የሚወጣው ቤት ገብታ ስታነጥረው ነው፤ ሽታው እንደጠበቀችው አልሆን ይላታል። ያን ዕለት ትበሳጫለች፤ በሚቀጥለው ገበያ ደንበኛ ትቀይራለች።

ጤፍ ከዚህ ይቀላል። ማኛ ይሁን ሠርገኛ ዓይን ይለየዋል፤ እፍኝ ዘግኖ እፍ ያለ ሰው አፈርና ገለባውንም ያየዋል። ስለዚህ ጤፍ ከመግዛት በፊት ይታወቃል፣ ቅቤ ከተገዛ በኋላ ይታወቃል። ይህ ምዕራፍ የሚናገረው ስለ ሦስተኛው ዓይነት ዕቃ ነው፤ ሲገዛም የማይታወቅ፣ ተነጥሮም የማይታወቅ። አዲስ ክሊኒክ የሚከፍት ሰው የሚሸጠው ይህንን ነው። ብዙዎቹ ባለቤቶች ግን ጤፍ የሚሸጡ እየመሰላቸው ይከፍታሉ፤ ቀለሙ ያማረ ሕንጻ፣ አዲስ ሶፋ፣ ትልቅ ቴሌቪዥን።

አንድ ሰው ጉንፋን ይዞት፣ ራሱን አሞት፣ ትኩስ ትኩስ ብሎት ክሊኒክ ገባ እንበል። መርፌ ተወጋ፤ በአራተኛው ቀን ተነሣ። ማን አዳነው? መርፌው ነው ይላል፤ ለጎረቤትም ይናገራል። ጉንፋኑ ግን ያለ መርፌም በዚያው ሰሞን መልቀቁ አይቀርም ነበር። መንታ ወንድም ኖሮት፣ እኩል ታሞ፣ ቤቱ ተኝቶ ዝንጅብል ሲጠጣ ቢሰነብት ኖሮ ማነጻጸር ይቻል ነበር። መንታ የለውም። ስለዚህ የከፈለበት ነገር ይጥቀመው፣ አይጥቀመው ወይም ይጉዳው ዕድሜ ልኩን አያውቅም።

ከቅቤ ተራ ወደ ኖቤል

ይህን ነገር ቅቤ የሚገዙ እናቶች ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል፤ የምጣኔ ሀብት ሰዎች ስም ያወጡለት ግን ዘግይተው ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ፊሊፕ ኔልሰን የተባለ አሜሪካዊ ዕቃዎችን በሁለት ከፈላቸው፤ ፈልገህ አይተህ የምትለያቸውና ተጠቅመህ የምትለያቸው። የኛ ጤፍና ቅቤ መሆናቸው ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ማይክል ዳርቢና ኢዲ ካርኒ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ሦስተኛውን ጨመሩ፤ ተጠቅመህም የማትለየውን። እነሱ ያወጡለት ስም ሲተረጎም «የእምነት ዕቃ» ይሆናል። እኔ «የአደራ ዕቃ» ብለው ይሻለኛል። አደራ የሚሰጥ ሰው ተቀባዩ ዕቃውን እንዴት እንደያዘለት ቆሞ አይጠብቅም፤ አምኖ ሰጥቶ ይሄዳል።

የመኪና ጥገናም የዚሁ ዘመድ ነው። መካኒኩ «ጋስኬቱ ተበልቷል፣ ይቀየር» ሲል አሮጌውን ጋስኬት አውጥቶ ቢያሳይህ እንኳ ያንተው ይሁን የሌላ ሰው አታውቅም። ልዩነቱ መካኒክ ሲሳሳት መኪናው ዳገት ላይ ይቆማል፤ ሐኪም ሲሳሳት ስሕተቱ ብዙ ጊዜ ድምፅ የለውም።

ጉዳዩን ከሁሉ ቀድሞ በሕክምና ላይ ያነሣው ኬነዝ አሮው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1972 የኖቤል ሽልማት ካገኙት አንዱ። በ1963 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በሽተኛ የሚገዛውን ነገር አስቀድሞ ሊሞክረው ስለማይችል በሐኪምና በበሽተኛ መካከል ያለው ግንኙነት እንደ ተራ ገበያ ሊሠራ አይችልም ይላል። ከሐኪም የምንጠብቀው ጠባይ ከሻጭ የምንጠብቀው ያልሆነውም በዚሁ ነው። ጫማ ሻጭ ሁለት ጥንድ ግዛ ቢልህ አትቆጣም፤ ሐኪም የማያስፈልግህን ምርመራ ቢያዝዝብህ ትቆጣለህ፤ ካወቅህ።

ጆርጅ አከርሎፍ ደግሞ በ1970 ስለ ያገለገሉ መኪናዎች ጽፎ (ለእሱም በ2001 ኖቤሉ ደርሶታል) የነገሩን መጥፎ ጎን አሳየ። ገዢው ደህናውን መኪና ከተበላሸው መለየት ካልቻለ ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ብቻ ይሰጣል። ደህና መኪና ያለው ሰው በዚያ ዋጋ ስለማያዋጣው ከገበያው ይወጣል፤ የተበላሸው ይቀራል። ይህን ወደ ክሊኒክ አምጡት። በአንድ መንገድ ላይ አምስት ክሊኒክ ተደርድሯል፤ ሁሉም የብቃት ማረጋገጫውንና የንግድ ፈቃዱን ግድግዳ ላይ ሰቅሏል። ማረጋገጫው ክፍሎቹና ባለሙያዎቹ መኖራቸውን ይመሰክራል። በምዕራፍ 2 እንዳየነው ያ ራሱ ቀላል ሥራ አይደለም። በሽተኛው ግን ወረቀቱ አምስቱም ጋ ስላለ አንዱን ከሌላው አይለይበትም። ጊዜ ሰጥቶ የሚመረምረው ክሊኒክ ወጪው ይበዛል፤ በር ላይ የሚታየው ዋጋ ግን ከጎረቤቱ ጋር እኩል መሆን አለበት። ታዲያ ልዩነቱን ማን ይከፍላል?

235 ብር

ምዕራፍ 4 ላይ ክሊኒክን ከሚኒባስ ታክሲ ጋር አነጻጽረን ነበር፤ ሰው ቢሞላም ባይሞላም ነዳጁ ይነድዳል። የቤት ኪራይ፣ ደመወዝ፣ መብራት፣ ጥበቃ፣ የመሣሪያ ዕዳ ወሩን ጠብቀው ይመጣሉ። አሁን ያችን ሒሳብ አንድ እርምጃ እንግፋት። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ ናቸው፤ አንባቢ የራሱን ይተካባቸው። የወር ወጪው 300,000 ብር ነው። በወር 26 ቀን ይሠራል። በቀን 30 ሰው ይመጣል፤ በወር 780። አንድ በሽተኛ ክሊኒኩን 385 ብር ገደማ ያስወጣዋል ማለት ነው። ካርድ ደግሞ፣ ጎረቤቱ ስለሚያስከፍል፣ 150 ብር ነው።

385 ሲቀነስ 150፣ 235 ብር።

ይቺ 235 ብር ከየት ትመጣለች? ክሊኒክ ከፍቼ አውቃለሁ የሚል ሰው ስታገኙ ይህንኑ ጠይቁት። መልሱን በአንድ ቃል ይነግራችኋል፤ ላብራቶሪ።

ጉዳዩን ከውስጥ የማውቀው ጤና መኮንን ሆኜ ከተመረቅሁ በኋላ በተቀጠርሁበት አንድ የግል ክሊኒክ ነው። ስሙን አላነሣም። የነርሶች ክፍል ውስጥ የብረት ቁም ሣጥን ነበር፤ በሩን ስትከፍተው ከውስጥ በኩል አንድ ወረቀት በፕላስተር ተለጥፏል። በግራ በኩል የኛ የመርማሪዎቹ ስም፣ በቀኝ በኩል እያንዳንዳችን በወሩ ያዘዝነው ምርመራ ያስገባው ገንዘብ። ዝቅ ያለው ስም በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል። ማንም ምንም አላለንም። ስብሰባም አልተጠራም፤ ትዕዛዝም አልወጣም። ጋዋን ለማንሣት ቁም ሣጥኑን መክፈት ግን የግድ ነበር። በሦስተኛው ወር የኔ ስም ላይ ቀዩ መስመር አልነበረም። ያን ጊዜ ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት «ለጥንቃቄ ነው» የሚል ነበር። ዛሬ ሳስበው አሳፋሪው ነገር ወረቀቱ አይደለም፤ ምክንያቱን ምን ያህል ቶሎ እንዳገኘሁት ነው።

ባለቤቱ ክፉ ሰው አልነበረም። 235 ብሯን ነበር የሚፈልገው።

ዓይን የሚያየው

የአደራ ዕቃ ሻጭ ሁልጊዜ አንድ ፈተና አለበት። ገዢው ዋናውን ነገር ማየት ስለማይችል የሚያየውን ነገር ይዞ ይፈርዳል፤ ሻጩም የሚታየውን ማብዛት ይጀምራል። በኛ አገር ክሊኒክ የሚታዩት ነገሮች የታወቁ ናቸው። መርፌ ይታያል፤ ያማልና። ግሉኮስ ይታያል፤ ተሰቅሎ ጠብ ጠብ ሲል አስታማሚ ሁሉ ያየዋል። የላብራቶሪ ወረቀት ይታያል፤ በእጅ ይያዛል፣ ቤት ይገባል፣ ፌስታል ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል። በጥሞና ማዳመጥ፣ ሆድን በወጉ መዳሰስ፣ «ይህ ምርመራ አያስፈልግዎትም» ማለት ግን አይታዩም።

ከነዚህ ሁሉ አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። አዲስ አበባ ውስጥ ትኩሳትና ቁርጥማት ይዞ ክሊኒክ የገባ ሰው «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ያልተባለ ስንት አለ? ሁለቱ ስማቸው እንጂ ሌላ የሚያገናኛቸው ነገር የለም። ታይፎይድ በተበከለ ምግብና ውሃ የሚተላለፍ የአንጀት ተሐዋሲ የሚያመጣው ሕመም ነው፤ በወረርሽኝ የሚታወቀው ታይፈስ ደግሞ በቅማል ይተላለፋል። አንድ ሰው ሁለቱንም በአንድ ሳምንት ከያዘው ዕድሉ እጅግ የከፋ ነው። በኛ ክሊኒኮች ግን ይህ ክፉ ዕድል የየዕለት ወሬ ነው።

ታይፎይድን የሚያሳየው ዊዳል የሚባለው ምርመራ ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1896 ካስተዋወቀው ከፈረንሳዊው ሐኪም ፌርናንድ ዊዳል ነው። ምርመራው ተሐዋሲውን አይፈልግም፤ ሰውነት ተሐዋሲውን ለመዋጋት ያዘጋጀውን መከላከያ ነው የሚፈልገው። እዚህ ላይ ነው ችግሩ። ሌባ ግቢ ገብቶ ከሄደ በኋላም ውሻው ሲጮህ ያመሻል፤ ድመት አጥር ስትዘልም ይጮሃል። መከላከያውም እንዲሁ ነው። ቀድሞ ታይፎይድ የያዘው፣ የተከተበ ወይም ሌላ ትኩሳት የያዘው ሰው ዊዳሉ «ፖዘቲቭ» ሊል ይችላል። በሽታው በበዛበት አገር አንድ ጊዜ ብቻ የተሠራ ዊዳል ብዙም አያስተማምንም። ከተሠራ ከ10 እስከ 14 ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ተሠርቶ የሁለተኛው መጠን አራት እጥፍ ማደጉ መታየት አለበት። ተሐዋሲውን ራሱን ማግኘት የፈለገ ደግሞ የደም ካልቸር ይሠራል፤ እሱ ቀናት ይፈጃል፣ ሁሉም ክሊኒክም የለውም።

ዊዳል ግን ርካሽ ነው፣ ውጤቱ በሽተኛው ሶፋው ላይ ሳለ ይደርሳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለሰውየው ስም ይሰጠዋል። «ድካም ነው፣ ያልፍልዎታል» ከመባል «ታይፎይድ ነው» መባል ይሻለዋል። ለቤተሰቡ የሚናገረው፣ ለመሥሪያ ቤቱ የሚያሳየው ነገር ያገኛል። ከዚያ ፀረ ተሐዋሲ መድኃኒት ይታዘዛል፤ በአምስተኛው ቀን እንደ ጉንፋኑ ሰው ይድናል። ሁሉም ደስተኛ ነው። 235 ብሯም ገብታለች። ዋጋውን የሚከፍለው ሌላ ቀን፣ ሌላ ሰው ነው፤ ያለ ምክንያት ሲሰጥ የኖረው መድኃኒት በእውነተኛው ሕመም ጊዜ አልሠራ ሲል።

«ደም አትወስድም እንዴ?»

ከዓመታት በኋላ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር የራሳችንን ክሊኒክ ስንከፍት ቁም ሣጥኑን ገዛን፤ በሩ ላይ ምንም አልለጠፍንም። በዚህ ብቻ ጻድቅ የሆንሁ መስሎኝ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሃምሳዎቹን ያለፉ አንዲት እናት ገቡ። ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡና ከፌስታላቸው ወረቀት ማውጣት ጀመሩ። ስድስት የላብራቶሪ ውጤት፣ ከአራት ክሊኒክ። ጠረጴዛዬ ላይ እንደ ካርታ ደረደሯቸው።

«ታይፎይዱ እየተመላለሰ አስቸገረኝ ዶክተር።» (ዶክተር አይደለሁም፤ ነገር ግን ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው።)

«ምን ምን ያደርግዎታል እናቴ?»

«ራሴን ነው። ጠዋት ስነሣ ከኋላ በኩል ይከብደኛል። ትኩሳት እንኳ የለኝም። ልቤም ድው ድው ይላል ደረጃ ስወጣ። እንቅልፍም...» ቀጠሉ። ልጃቸው አረብ አገር እንደሄደች፣ ከስድስት ወር ወዲህ እንዳልደወለች፣ ቤቱን ከተከራዮች ጋር እንደሚያስተዳድሩ። እኔ ዝም አልኩ። ከኋላዬ የግድግዳ ሰዓት ነበር፤ ሳይጨርሱ ላለማቋረጥ እጄን ከእስክሪብቶው አራቅሁ። ሁለት ደቂቃ ያህል ነው የፈጀው።

ግፊታቸውን ለካሁ። ከፍ ያለ ነበር። አሳርፌ በሌላው ክንድ ደገምሁ፤ ያው። ከስድስቱ ወረቀት አንዱም ላይ የደም ግፊት ልኬት አልተጻፈም።

«ስለዚህ ደም አትወስድም እንዴ?»

«ዛሬ አያስፈልግም። ጨው ይቀንሱ፤ ከነገ ወዲያ ጠዋት መጥተው በድጋሚ እንለካዎ። ያን ጊዜም ከፍ ካለ ለኩላሊትና ለስኳር የሚሆን ምርመራ እናዛለን፤ መድኃኒቱንም እንወስናለን። ታይፎይዱን ለጊዜው እንተወው።»

ወረቀቶቻቸውን ሰብስበው ወደ ፌስታሉ መለሱ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ደስታ አልነበረም። የተታለለ ሰው ፊት ነበር። 150 ብር ከፍለው፣ ሰዓት ጠብቀው፣ ባዶ እጃቸውን መውጣታቸው ነበር። ከውጭ ለካርድ ክፍሏ ልጅ ሲናገሩ ሰማሁ፤ «ምንም አላደረገልኝም እኮ። ሲያናግረኝ ብቻ ነው የዋለው።»

እውነታቸውን ነው። ከሚታየው ነገር ምንም አላደረግሁላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ካሉ ኢትዮጵያውያን 16 በመቶ ገደማው ከፍ ያለ የደም ግፊት እንዳለው ታውቋል፤ ብዙው ደግሞ አያውቀውም፤ ግፊት አያምምና። እኔ ያን ቀን ያደረግሁት ትክክለኛ ነገር ነው። ነገር ግን ትክክል ሥራ መሥራትና ትክክል እንደተሠራ በሽተኛው እንዲያይ ማድረግ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ሁለተኛውን ማንም አላስተማረኝም ነበር። ትምህርት ቤቱ የሚያስተምረው ቅቤ ማንጠር ነው።

የማዳመጥ ዋጋ

የማይታየውን ሐቀኛ ሥራ በሐቅ የሚታይ ማድረግ ይቻላል ወይ? ይህ ነው የዚህ ምዕራፍ ጥያቄ። መልሱ የሚጀምረው ከሰዓት ነው።

ሃዋርድ ቤክማንና ሪቻርድ ፍራንክል የሚባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት 74 የሐኪም ቤት ንግግሮችን ቀድተው አዳመጡ። ሐኪሙ «ምን ልርዳዎ» ካለ በኋላ በሽተኛው ሳይቋረጥ የተናገረበት ጊዜ በአማካይ 18 ሰከንድ ነበር። ሐኪሞች ስለዚህ ሲጠየቁ «ከተውነው ሲያወራ ይውላል» ይላሉ፤ እኔም ብዬ አውቃለሁ። በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ ይህን ፍርሃት የፈተኑት ሰዎች አሉ። ውጤታቸው የወጣው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ሐኪሞቹ 335 በሽተኞችን ሳያቋርጡ እንዲያዳምጡ ተደረገ፤ በድብቅ ሰዓት ተያዘ። በሽተኞቹ በአማካይ በ92 ሰከንድ ጨርሰው ዝም አሉ። ከአምስት ደቂቃ በላይ ያወሩት ሰባት ሰዎች ብቻ ናቸው። የኛ ሰው ከሰላምታው ጋር ትንሽ ይረዝም ይሆናል፤ እኚያ እናት ግን በሁለት ደቂቃ ልጃቸውንም ግፊታቸውንም ነግረውኛል።

ሌላም አለ። ዌንዲ ሌቪንሰንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1997 በበሽተኛ የተከሰሱና ተከስሰው የማያውቁ አሜሪካውያን ሐኪሞችን አነጻጸሩ። ከጠቅላላ ሐኪሞቹ መካከል ያልተከሰሱት ከአንድ በሽተኛ ጋር በአማካይ 18.3 ደቂቃ፣ የተከሰሱት 15 ደቂቃ ይቆያሉ። ልዩነቱ ሦስት ደቂቃ ናት። በነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ያልተከሰሱት ምን ያደርጋሉ? ያስረዳሉ። «አሁን ሆድዎን እነካለሁ፣ ቀጥሎ ስለ መድኃኒቱ እናወራለን፤ ጥያቄ ካለዎት ጊዜ እተዋለሁ» ይላሉ። ሳቅም ያስገባሉ። ቀዶ ሐኪሞቹ ላይ ግን ልዩነቱ አልታየም፤ ነገሩ ለሁሉም እኩል የሚሠራ አስማት አይደለም።

እኛ ከዚህ የወሰድነው ነገር ትንሽ ነው። መርማሪው የሚያደርገውን ጮክ ብሎ እንዲናገር ተስማማን። «ልብዎን አዳምጫለሁ፤ ደህና ነው። ሳንባዎን አዳምጫለሁ፤ በሁለቱም በኩል ንጹሕ ነው። ትኩሳት ስለሌለዎት የታይፎይድ ምርመራ አላዝዝም፤ ገንዘብዎን ላለማባከን ነው።» መጨረሻ ላይ ይኸው በእጅ ተጽፎ ይሰጣል፤ ምን እንደተገኘ፣ ምን እንዳልተገኘ፣ ምን ከታየ ቶሎ እንደሚመለሱ። በአማርኛ፣ በሚነበብ ጽሕፈት። የመጨረሻው ከሁሉ ከባድ ሆኖ ተገኘ። ፌስታሉ ውስጥ የሚገባ ወረቀት ካስፈለገ ይህ ይግባ ብለን ነው።

ከዳነ በኋላ የሚከፈል

ለአደራ ዕቃ ችግር ጥንታዊ መልስ ያገኙ ሰዎች አሉ። ኬነዝ ሊዮናርድ የተባለ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመው ጽሑፍ የካሜሩን ባሕላዊ ሐኪሞች እንዴት እንደሚከፈላቸው ያብራራል። ዋናው ክፍያ ሕመምተኛው ሲድን ነው። ካልዳነ ሐኪሙ የደከመበት ቀረ። በሽተኛው መድኃኒቱን መመዘን ባይችልም መዳን አለመዳኑን ያውቃል፤ ስለዚህ ሐኪሙ የሚጠቅመውን ያህል እንዲደክም ውሉ ራሱ ያስገድደዋል። የሊዮናርድ ሐሳብ ሰዎች ወደነዚህ ሐኪሞች የሚሄዱት በድንቁርና ሳይሆን ውሉ ስለገባቸውም ጭምር ነው የሚል ነው። እኔ ይህን ሳነብ «ባሕላዊ ሐኪም ጋ ሄዶ ዘግይቶ መጣ» እያልሁ የተቆጣኋቸውን ሰዎች አስታወስሁ።

ክሊኒክ ይህን ውል እንዳለ ሊወስደው አይችልም። ስኳርና ግፊት አይድኑም፣ ይያዛሉ እንጂ። ጉንፋን ደግሞ ማንም ሳይነካው ይድናል። ሲድን ብቻ የሚከፈለው ክሊኒክ ከባዱን በሽተኛ በር ላይ መመለስ ይጀምራል። የውሉ ፍሬ ነገር ግን ሊወሰድ ይችላል። ፍሬ ነገሩ ሐኪሙ ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላም ዕዳ እንዳለበት መቆየቱ ነው።

ስለዚህ ወደ ዋጋው ተመለስን። 235 ብሯ በድብቅ በላብራቶሪ በኩል ከምትመጣ በግልጽ በር ላይ ትምጣ ብለን ካርዱን ወደ 350 ከፍ አደረግን። የላብራቶሪውን ዋጋ ቀነስን። በ10 ቀን ውስጥ ለዚያው ሕመም የሚመለስ ሰው አይከፍልም አልን። ወረቀት ላይ ያምራል። በመጀመሪያው ሰኞ ካርድ ክፍል መስኮት ላይ አንድ ጎልማሳ «ፊቴን ለማየት ብቻ 350 ብር?» ብሎ ሲጮህ ወረፋው ሁሉ ሳቀ፤ ከወረፋው ሦስት ሰው አብሮት ወጣ። በምዕራፍ 5 ስለ ዋጋ ስናወራ ሰው አዲስ ክሊኒክን መጀመሪያ የሚመዝነው በካርዱ ዋጋ ነው ብዬ ጽፌ ነበር። የጻፍሁትን ራሴ ረሳሁት። ሁለት ወር ታግለን ካርዱን 250 አደረግነው። የቀረችው 135 ብር ከአልትራሳውንድ፣ ከቁስል እጥበትና በእውነት ከሚያስፈልገው ምርመራ ትመጣ አልን። ግማሽ መንገድ ነው። አንዱ ጓደኛዬ እስከ ዛሬ ድረስ ሽንፈት ነው ይላል፤ እኔ ድርድር ነው እላለሁ።

የሸጠልን ግን ዋጋው አልነበረም። የ10 ቀኑ ነጻ መመለስ ነበር። አንድ ሰው በነጻ ተመልሶ መምጣት እንደሚችል ሲያውቅ «መርፌ ካልወጋኸኝ አልሄድም» የሚለው ክርክር ይላላል፤ ካልተሻለው በር እንዳለው ያውቃልና። ለኛም ሌላ ጥቅም ነበረው፤ ማን እንደዳነ፣ ማን እንዳልዳነ ማየት ጀመርን። ከዚያ በፊት ያልተመለሰ በሽተኛ ሁሉ የዳነ ይመስለን ነበር። ግማሹ ጎረቤት ክሊኒክ ገብቶ ይሆናል።

ሦስተኛው ቀን

ከሁሉ ርካሹ ነገር ስልክ ነው። ትኩሳት ያለው ሕፃን፣ አዲስ የግፊት መድኃኒት የጀመረ ሰው፣ «ምርመራ አያስፈልግዎትም» የተባለ ሰው፤ እነዚህ በካርዳቸው ጥግ ላይ ምልክት ይደረግባቸዋል። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት፣ ወረፋው ሲሳሳ፣ ሲስተሯ ትደውላለች። ንግግሩ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። እንዴት አደሩ፣ ትኩሳቱ ቀነሰ ወይ፣ መድኃኒቱ ተመቸ ወይ፣ ካልተመቸ ዛሬ ይምጡ።

አንዳንድ የክሊኒክ ባለቤቶች ይህን ስነግራቸው «ማስታወቂያ ነው» ይሉኛል። ማስታወቂያስ ከሆነ ምን ክፋት አለው? ቅቤ ተራ ያለው ሻጭ ቢችል ኖሮ ቤትሽ ድረስ ደውሎ «ሲነጠር እንዴት ሆነ?» ብሎ ይጠይቅሽ ነበር፤ የማይጠይቀው መልሱን ስለሚፈራ ነው። ደውሎ የሚጠይቅ ክሊኒክ መልሱን ለመስማት የቆረጠ ነው። ሥራው ደካማ የሆነ ክሊኒክ ይህን ለረዥም ጊዜ ሊያስመስለው አይችልም፤ በሳምንት ሃያ የተቆጣ ሰው ስልክ ላይ ማስተናገድ የሚችል ሲስተር የለም።

ለእኚያ እናትም ተደወለ። ከነገ ወዲያ ይምጡ ብያቸው አልመጡም ነበር። ስልኩን ያነሡት ባለቤታቸው ናቸው፤ ሲስተሯ ማን እንደሆነች ስትናገር ረዥም ዝምታ ሆነ።

«ከክሊኒክ ነው? ምን ጎደለብን? ከፍለናል እኮ።»

«አይ አባቴ፣ ሒሳብ አይደለም። እንዴት እንደሆኑ ለመጠየቅ ነው። ግፊታቸውን ዛሬ ብንለካላቸው ጥሩ ነበር። የሚከፈል የለውም።»

እንደገና ዝምታ። ከበስተኋላ የሴት ድምፅ «ማነው?» ሲል ይሰማል።

«ስሚ ልጄ» አሉ አዛውንቱ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «ለዚች ስልክስ ስንት ነው የምታስከፍሉን?»